ኖራው ሳይደርቅ

ታሉሳ በእግሯ እየሄደች ነው ከማለት እየሮጠች ነው ማለት ይቀላል። ሰባት ወር የሞላው ሆዷ ከፊት ከፊቷ ይቀድማታል፤ በአንድ እጇ ዘንቢሏን፣ በሌላው የቀሚሷን ጫፍ ይዛ በሚያንሸራትተው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ሰው እየገፋች ታልፋለች። ከግብፅ የመጡት የእህል መርከቦች የሮማ ወደብ ከሆነችው ኦስቲያ የደረሱት ትናንት ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ጎተራዎቹ ድረስ ጆንያ የተሸከመ ወንድ መንገዱን ሞልቶታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ እዚህ እንዲወለድ ነው የምትሮጪው?» አለ አንዱ ተሸካሚ ከጆንያው ስር አንገቱን አውጥቶ።

«አይ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምወለደው!» አለችው ሳትቆም።

ተሸካሚው ምን እንዳለችው አልገባውም። ለእሷ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ጌታዋ ኑሚስዩስ ከከተማው ሹም ፊት ያቀርባታል። ሹሙ ትከሻዋን በዘንግ ያስነካና፣ ኑሚስዩስ እጇን ይዞ አንዴ ያዞራትና ይለቃታል። በቃ። ከዚያ በኋላ የራሷ ናት። ከዚያ በኋላ የሚወለደውም ልጅ የማንም ንብረት አይሆንም። ልጁ ዛሬ ጠዋት ቢወለድ ኖሮ ግን፣ አባቱ ነፃ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ የእናቱን ዕጣ ይዞ ባሪያ ይሆን ነበር።

አባቱ ዲፊሉስ ነው፤ ለሳኝ ነው። እሱም የኑሚስዩስ ባሪያ ነበር፤ ነፃ ከወጣ አሥር ዓመቱ። ነፃ ቢወጣም በየጠዋቱ ከሌሎቹ ደጅ ጠኚዎች ጋር የኑሚስዩስ በር ላይ መቆሙ አልቀረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ታሉሳ ለመነ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እስቲ እናያለን» ተባለ። ዛሬ ንጋት ላይ ግን ኑሚስዩስ ራሱ ጠርቶት፣ አትክልቱ ዘንድ ወስዶ ለብቻው አነጋገረው። ዲፊሉስ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዛሬ አሥር ሰዓት» አላት። «ቃሉን ሰጥቶኛል። ከዚያ በፊት አንዲት ትንሽ ሥራ አለችኝ።»

ከደስታዋ ብዛት ፊቱ ለምን አመድ እንደ መሰለ አልጠየቀችውም። ከሽመና ክፍሉ ባልደረቦቿ ጋር እየተቃቀፈች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች ረፋዱ አለፈ። ምሳውን ይዛለት የምትሮጠውም ምሳ ስለሚያስፈልገው ሳይሆን አንድ ቦታ መቀመጥ ስላቃታት ነው።

ሥራው ከከተማው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ጀርባ ባለው የኑሚስዩስ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። አራት ደርብ ነው። ምድር ቤቱ ሱቆች ናቸው፤ ከላይ ያሉት ክፍሎች ግን እንደ ርግብ ጎጆ የተደራረቡ፣ መስኮታቸው በእንጨት መዝጊያ የሚዘጋ፣ ስልሳ ያህል ነፍስ የሚያድርባቸው ናቸው። ሽንት በየማሰሮው ደረጃ ይወርዳል፤ ውሃ በየእንስራው ደረጃ ይወጣል። የታችኞቹ ላይኞቹን «እናንተ ዝሆኖች» ይሏቸዋል፤ ላይኞቹም የታችኞቹን «እናንተ አይጦች»።

በምድር ቤቱ ትልቁ ሱቅ የዳቦ ጋጋሪው የካኒዩስ ነው። ካኒዩስ እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«እሜቴ ታሉሳ!» አለ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሳ። «ከነገ ጀምሮ ሰላምታዬን የምትቀበይው በአሽከር በኩል ነው አይደል?»

«አንተንማ በአሽከርም አላናግርህ፤ ዳቦህ ውስጥ አሸዋ አለ።»

«አሸዋውን ጥርስሽ ውስጥ ይዘሽው የመጣሽው አንቺ ነሽ!»

እየሳቀች በአጠገቡ አልፋ ወደ ደረጃው ገባች። ባለፈው ክረምት ካኒዩስ አዲሱን ምድጃ ለማስገባት የሱቁን የውስጥ ግድግዳ ግማሹን እንዳፈረሰ ታውቃለች። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ስለ አቧራው ሲሳደብ ነበር፤ ስለ ግድግዳው ያነሳ ግን አልነበረም።

ዲፊሉስ በአንደኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል፣ በእንጨት መቆሚያ ላይ ሆኖ ይለስናል። ካሶላው ኖራውን እያነሳ ግድግዳው ላይ ይመታዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ እንደገና ይመታዋል። እንዲህ ሲቻኮል አይታው አታውቅም። ዲፊሉስ ልስንን እንደ ቂጣ ሊጥ የሚያሽሞነሙን ሰው ነው።

«ሽምብራና ዳቦ ይዤልህ መጣሁ። ወይራም አለው።»

«አስቀምጪውና ሂጂ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ሂጂ አልኩሽ፣ ታሉሳ። ደረጃው ላይ አትቁሚ።»

አልሄደችም። ከእጁ በላይ ቀና ብላ አየች። ካለሰለሰው ስፍራ መካከል፣ ገና ውሃው ያልመጠጠው ኖራ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሽቅብ ይሄዳል። እያየችው አንድ ጣት ያህል ረዘመ። ዲፊሉስ በካሶላው አንዴ ዳበሰው፤ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መጣ።

ታሉሳ የለሳኝ ሚስት ናት። የደረቀ ልስን እንደሚሰነጠቅ ታውቃለች። እርጥብ ልስን ግን የሚሰነጠቀው ከስሩ ያለው ግድግዳ እየሄደ ከሆነ ብቻ ነው።

«ከስሩ ምን አለ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዲፊሉስ ካሶላውን አስቀመጠና መቆሚያው ላይ ቁጭ አለ። ከመሣሪያ ቋቱ ውስጥ ቱንቢውን አውጥቶ ከላይ አንጠለጠለው። ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ግድግዳው ግን ከክሩ ጋር አልወረደም፤ ከላይ ሲነካው ከታች መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ነበር።

«ጡጫዬ ይገባል» አለ። «ከስንጥቁ ውስጥ። ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛው ፎቅ ይሄዳል። ካኒዩስ ያፈረሰው ግድግዳ የሚሸከም ግድግዳ ነበር።»

«ኑሚስዩስ ያውቃል?»

«ለምን የጠራኝ መሰለሽ? ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከሮማ ቤቱን ሊገዛ የሚመጣ ሰው አለ። ሰውየው ደረጃውን ወጥቶ ንጹሕ ግድግዳ ማየት አለበት። አይቶ ከተስማማ፣ አሥር ሰዓት ላይ አንቺ…» አልጨረሰውም።

ታሉሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጁ ጎኗን ረገጣት።

«መቼ ነው የሚወድቀው?»

«እኔ እንጃ። ወር ሊቆም ይችላል። ነገም ሊወድቅ ይችላል። ስሚኝ፤ ጠዋት ሙሉ ያሰብኩት ይሄንኑ ነው። አንቺ ነፃ ትውጪ። ወዲያው፣ ከሹሙ ደጅ እንደ ወጣን፣ እኔ ራሴ መጥቼ በር በሩን እያንኳኳሁ ውጡ እላቸዋለሁ። አራት ሰዓት ነው የቀረን። አራት ሰዓት ብቻ ቢቆምልን።»

«ከዚያ በኋላ ኑሚስዩስ ምን ያደርግሃል?»

«የፈለገውን ያድርገኝ። የተለቀቀን ሰው መልሶ ባሪያ አያደርግም። ልጁንም አይነካውም።»

አራት ሰዓት። በልቧ ደጋገመችው። ቤቱ ክረምቱን ቆሟል፤ ጸደዩን ቆሟል፤ አራት ሰዓት ምንድነው? ተነሳች።

«እሺ» አለች። «አራት ሰዓት።»

ደረጃውን ስትወርድ ቪቢያ ባዶ እንስራ ይዛ ከላይ ደረሰችባት። ቪቢያ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የምትኖር መረብ ጠጋኝ ናት፤ ባሏ ባሕር ላይ ቀርቶ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿንና መነሳት የማይችል አማቷን ይዛ ቀርታለች። ጣቶቿ በመረብ ገመድ ተልጠዋል።

«ታሉሳዬ! ዛሬ አይደል? ሰማሁ፣ ሰማሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።» ጉንጯን ሳመቻት፤ ከዚያ ድምጿን ቀነስ አደረገች። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከትናንት ጀምሮ በሬ አልዘጋ ብሎኛል። ሽማግሌውም ‹አልጋዬ እየሄደ ነው፣ አልጋዬ እየሄደ ነው› እያለ ሌሊቱን ሲለፈልፍ አደረ። ያረጀ ሰው ስለሆነ ብዬ ተውኩት። ግን ባልሽ ሲለስን ሳይ ትንሽ ሆዴ ፈራ። እሱን ብጠይቀው አይመልስልኝም፤ ዛሬ ዓይኑንም አያነሳ። እንዴት ነው ቤቱ? አንቺ ደህና ነው ካልሽኝ አምናለሁ።»

ታሉሳ የቪቢያን ፊት አየች። እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበር፤ መልስ ሳይሆን ፈቃድ የሚጠብቅ፣ እንዳይፈራ እንዲፈቀድለት የሚለምን።

«ደህና ነው» አለች ታሉሳ። «ያረጀ ልስን ነው። እያደሰው ነው።»

«አማልክት ያክብሩሽ! በቃ ዛሬ እተኛለሁ።» ቪቢያ እንስራዋን አስቀምጣ ደረጃውን መልሳ ወጣች። «አባቴ!» ስትል ተሰማ ከላይ፤ «አልጋህ የትም አይሄድም፤ የለሳኙ ሚስት ናት ያለችኝ!»

ታሉሳ ወጣች። የካኒዩስን ቀልድ አልሰማችውም። እስከ መንገዱ ማዶ ምንጭ ድረስ ሄደች፤ ውሃ ቀጂዎቹ ተራ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። እጇን ውሃ ውስጥ ነከረች። ጣቷ ላይ ኖራ ነበር፤ ደረጃው ላይ ስትደገፍ የነካት መሆን አለበት። ብታሽው አልለቅ አላት። «የለሳኙ ሚስት ናት ያለችኝ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተተከለ። ቪቢያ ዛሬ የምትተኛው በእሷ ቃል ነው። እነዚያ ሁለት ልጆች ከዚያ ግድግዳ ስር የሚተኙት በእሷ ቃል ነው።

አራት ሰዓት ብቻ፣ አለች እንደገና። ከዚያ ደግሞ፣ ባይቆምስ? አለች። ልጄን ነፃ ሆኖ ታቅፌ፣ ስሙን ስጠራው የማን ድምፅ ነው የምሰማው?

መቼ ዞራ መሄድ እንደ ጀመረች አታስታውስም። ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሿ ተቆርጦ ነበር። ዲፊሉስ ሲያያት ሁሉም ነገር ገባው። ካሶላውን ጥሎ መንገዷን ዘጋት።

«አይሆንም። ታሉሳ፣ አይሆንም! ሆድሽን እዪው።»

«እያየሁት ነው የመጣሁት።»

«የኔ ልጅ ነው እኮ! ለመንኩሽ። ሁለት ዓመት እንደ ውሻ ደጁ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ዋሸኋት፣ ዲፊሉስ። ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት። አንተ ለግድግዳው ነው የዋሸኸው፤ እኔ ለሰው ነው።»

በእጁ ስር አልፋ ሄደች። ሦስተኛው ፎቅ ደርሳ የቪቢያን በር፣ የማይዘጋውን በር፣ ገፋ አድርጋ ገባች። «ውጡ» አለች። «ዋሽቼሻለሁ። ቤቱ እየወደቀ ነው። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።»

ቪቢያ ምንም ሳትጠይቅ ትንሿን ልጅ አነሳች። ሌሎቹ ግን እንዲህ ቀላል አልሆኑም። ታሉሳ በየበሩ ስትጮህ ሰው እየወጣ ደረጃው ላይ ተሰበሰበ። «አብዳለች» አለ አንዱ። «ነፃነቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል» አለች ሌላዋ። ካኒዩስ ከታች ደርሶ «ይቺ ሴት ገበያዬን ልትዘጋ ነው እንዴ? እቃ አውጥቼ የት ላስቀምጠው? ምድጃ እኮ አይታቀፍም!» እያለ ይጮሃል።

ታሉሳ ወደ መቆሚያው ወርዳ ከዲፊሉስ ቋት ውስጥ መዶሻውን አነሳች፤ እርጥቡን ልስን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ መታችው። ኖራው እንደ እርጎ እየተላጠ ወደቀ። ከስሩ ያለው ጥቁር ክፍተት ታየ፤ ከውስጡም የካኒዩስ ምድጃ ሙቀት እንደ እስትንፋስ ፊታቸው ላይ መጣ። አንድ ተከራይ እጁን አስገባ፤ እስከ አንጓው ገባ።

ሁሉም ሮጠ።

ዲፊሉስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ታሉሳ መዶሻውን ስትመልስለት አላያትም። «ለልጄ ያደረግሽው ይሄ ነው?» አለ። ጮክ አላለም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። ከዚያ ግን ቪቢያ ከላይ «አማቴ! አማቴን የሚያወርድልኝ ሰው!» ስትል ቀና አለና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ አወረደው። ሽማግሌው መንገድ ላይ ሲቀመጥ «አልኩ እኮ፣ አልጋዬ እየሄደ ነው አልኩ እኮ» እያለ ከሚያልፍ ሰው ሁሉ ጋር ይከራከር ነበር።

ኑሚስዩስ ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርስ መንገዱ በአልጋ፣ በማሰሮ፣ በዶሮና በልጅ ተሞልቶ ነበር። ከሮማ የመጣው ሰውዬ ሰዎች ከተሸከሙት ወንበሩ ሳይወርድ ነገሩን አየው፤ ለተሸካሚዎቹ በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ ወንበሩን አዞሩለት፣ ሄደም። ኑሚስዩስ ግራጫ ፀጉሩ በሥርዓት የተበጠረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለትም ከፍ አላደረገም።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ዲፊሉስ ፈጥኖ።

ኑሚስዩስ የዲፊሉስን እጅ አየ፤ ከዚያ የታሉሳን ቀሚስ አየ። ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ የኖራ ፍንጣሪ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች።

ጅራፍ ጠበቀች። ስድብ ጠበቀች። ኑሚስዩስ ግን ወደ መጋቢው ዞር ብሎ፣ የምሳ ቀጠሮ እንደሚሰርዝ ሰው፣ «ሹሙ ዘንድ ሰው ላክ። ዛሬ አንመጣም በለው» አለ። ወደ እሷ መለስ አለና ጨመረ፤ «ልጁ ጤነኛ እንዲሆን ከባድ ሥራ አታሠሯት። የቤቴ ልጅ ነው።»

ቤቱ ያን ቀን አልወደቀም። በማግስቱም አልወደቀም። ከመርከብ ሸራ ስር ያደሩት ተከራዮች ታሉሳን ማማት ጀመሩ። ካኒዩስ «ዳቦዬ እየሻገተ የሴት ሕልም አልጠብቅም» ብሎ ሁለተኛው ቀን ማታ ተመልሶ ገባ፤ ምድጃውን አነደደ። በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ የመንገዱ ወገን ግድግዳ ወደ ውስጥ ተቀመጠና አራቱም ደርብ ተከትለውት ወረዱ። አቧራው እስከ ወንዙ ሄደ። ከስሩ ያወጡት የአንድ ሰው ሬሳ ብቻ ነው፤ የካኒዩስን። ታሉሳ ስትሰማ ያን ቀን ለቀልዱ ምን ብላ መልሳለት እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ለእሱ አለቀሰች።

ከወር በኋላ የከተማው ምክር ቤት ኑሚስዩስን አመሰገነው፤ የተከራዮቹን ነፍስ አስቀድሞ ቤቱን ባዶ በማድረጉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለወዳጆቹ ግብዣ አደረገ። የቤቱ አሽከሮች ሲያንሱ ታሉሳን ወይን እንድታቀርብ አዘዟት። አንዱ እንግዳ «ለመሆኑ ስንጥቁን ማን አየው?» ብሎ ጠየቀ። «የኔው ለሳኝ ነበር» አለ ኑሚስዩስ፤ «እኔ እንዲመረምር ልኬው።» እያወራ ጽዋውን ዘረጋላት። ሞላችለት። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም፤ ለዚያ ብቻ በራሷ ኮራች።

ዲፊሉስን ካየችው ቆይታለች። ደጁ ላይ መቆሙን አላቆመም ይሏታል፤ ወደ ሽመና ክፍሉ ግን አይመጣም። የሚመጡት ሌሎች ነበሩ። ቪቢያ በየሳምንቱ ገበያ ስትወጣ በኋላ በር በኩል ብቅ ትላለች፤ አንዳንዴ የደረቀ ዓሣ፣ አንዳንዴ ወሬ ብቻ ይዛ። ምጡ በመጣ ጊዜም አዋላጇ ቪቢያ ነበረች።

ሴት ልጅ ተወለደች። ማለዳ ነበር፤ ከጠባቧ መስኮት የጎህ ብርሃን ወለሉ ላይ ወድቋል። ቪቢያ ልጅቱን አጥባ፣ በነጻ ሰዎች ቤት እንደሚደረገው፣ ባዶው መሬት ላይ አስተኛቻት። በነጻ ሰዎች ቤት አባት ጎንበስ ብሎ ልጁን ከመሬት ያነሳል፤ ልጄ ነው፣ አሳድገዋለሁ ማለቱ ነው። በባሪያ ክፍል ግን ይሄ አይደረግም። የባሪያ ልጅ አባት የለውም፤ የሚያነሳው እናቱ ወይም መጋቢው ነው።

«ቪቢያ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ታሉሳ በደከመ ድምፅ። «ይበርዳታል። ስጪኝ።»

«ትንሽ ቆዪ» አለች ቪቢያ በሩን እያየች።

ዲፊሉስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከሥራ ነው የመጣው፤ ቅንድቡ ድረስ ኖራ ነው። ከኋላው የመጋቢው ድምፅ «አንተ! ማን ፈቀደልህ?» እያለ ይቀርባል። ዲፊሉስ አልዞረም። ታሉሳን አየ፤ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወለሉ ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከና ልጅቱን ከመሬት አነሳት።